አሥራ አንደኛው መቋረጥ

አሥራ ዘጠኝ ቀን ከሦስት ሰዓት።

በስልኳ ስክሪን ላይ የወጣው ቁጥር ይህ ነበር። ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያዳርሰው ራውተር ከተሰካበት ጊዜ ጀምሮ አንዴም ሳይጠፋ፣ ከውጭ የሚመጣው መስመርም አንዴ ሳይቋረጥበት፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ከሦስት ሰዓት ሠርቷል ማለት ነው። ቴክኒሻኗ ቁጥሩን ደግማ አነበበችው። ከዚያ ጉልበቷ ላይ የዘረጋችውን ቅጽ አየች። ቅጹ ላይ፣ በእነዚያው አሥራ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ኢንተርኔቱ አሥራ አንድ ጊዜ እንደተቋረጠ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል።

የምትሠራበት የኢንተርኔት መሣሪያ ሱቅ ባልደረቦቿ «መርማሪዋ» ይሏታል። ሌላው ቴክኒሻን የሞተውን መሣሪያ ቀይሮ ሲሄድ፣ እሷ ለምን እንደሞተ ካላወቀች እህል አይወርድላትም። የሥራ ሕግም አላት፦ አንድ ነገር ብቻ ትቀይራለች፣ ትጠብቃለች፣ ትጽፋለች። ላስቸገረ ቤት ሁሉ ቅጽ ትሰጣለች። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ከዚያ «በዚያ ሰዓት ምን እየሠሩ ነበር?» የሚል። ሰው ሁሉ «ፊልም» ወይም «ምንም» ብሎ ይገላገለዋል። የዚህ ቤት ሰውዬ ግን ደብዳቤ ጻፈበት።

ሰውዬው አስተርጓሚ ነው። ፎቅ ላይ ባለች ክፍሉ ተቀምጦ፣ በቋንቋ ለማይግባቡ ሐኪሞችና ሕሙማን በኢንተርኔት ያስተረጉማል። የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ እናቱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ዳኛዋ» ነው የሚላቸው። ቤታቸው የድንጋይ ነው፤ ግድግዳው እንደ ግንብ የወፈረ፣ ሳሎኑ የሚያስተጋባ። መርማሪዋ ከእህቷ ጋር የምትኖርባት ከጫማ ቤት በላይ ያለች ክፍል፣ እዚህ ሳሎን ውስጥ ሦስቴ ትገባለች። መጀመሪያ ቀን ይህን ለክታ ነበር፤ በዐይኗ፣ ሳይታወቃት።

ያን ቀን የመጣችው የድሮው ራውተር ሞቶ ነው። አዳፕተሩ ተቃጥሎ ራውተሩንም ይዞት ሄዷል። አዲስ አስገባችላቸው፤ እንዳይቸገሩ ብላም የድሮውን ስምና የይለፍ ቃል እንዳለ አስቀመጠችው። ከዚያ መቆራረጡ መጣ። በሁለተኛው ጉብኝት የሞገዱን ቻናል ቀየረች፣ በሦስተኛው ላፕቶፑን ፈተሸች፣ ምንም የለም። ቅጹን ግን በየጊዜው ታነባለች፤ ጀርባው ላይ መልስ ጽፋ ትተውለታለች። በወረቀት ላይ አንተና አንቺ ከተባባሉ ሰንብተዋል፤ በአፍ ገና እርስዎ ላይ ናቸው።

ዛሬ የቀረ የምትመረምረው ነገር ስላጣች የራውተሩን ገጽ ከፈተች። ራሷ መርጣ ያስገባችው ስለሆነ እስካሁን ልትጠረጥረው አልፈለገችም ነበር። የወጣውም ይህ ቁጥር ነው።

አስተርጓሚው እንደ ልማዱ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወረደ። ፊቷን ሲያይ መሃል ላይ ቆመ።

«አሥራ አንድ ጊዜ ጠፋ ብለው ጽፈዋል» አለችው፣ ቀስ ብላ። «መሣሪያው ግን አንዴም አልጠፋም።»

«ጠፍቷል።»

«እንግዲያው ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ። መሣሪያ ደግሞ መዋሸት አያውቅበትም።»

ሰውዬው ክው አለ። ሳይጨምር ሳይቀንስ የሰማውን ብቻ ሊናገር ቃል ገብቶ የሚሠራ ሰው ነው፤ ይህን ራሱ ነው አንድ ቀን ቅጹ ላይ የጻፈላት። ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ከዚያ ዐይኑ ወደ ቅጹ ሄደ፤ ታችኛው መስመር ላይ አረፈና አፉ ተዘጋ። እስከ ጆሮው ቀላ።

ነገሩን ያበላሸችው ያቺ እይታ ናት። መርማሪ ለሚሏት ሴት ከዚህ የበለጠ የእምነት ቃል ከየት ይመጣል? ሦስት ሳምንት ሙሉ የበላችው ሳይታወቃት ስታስብ የከረመችው፣ ለካ ቤት መዋል ለሰለቸው የሀብታም ልጅ መጫወቻ ሆና ነው። ይሄኔ፣ እህታቸው ጋ ሳምንት ቆይተው ከአንድ ቀን በፊት የተመለሱት ዳኛዋ ከላይ ሆነው ሠራተኛዋ ጨርሳ እንደሆነ ልጃቸውን ጠየቁት።

«ጨርሻለሁ፣ እትዬ» አለች መርማሪዋ ራሷ። ለእሱ ደግሞ ከእንግዲህ ሌላ ሰው እንደሚላክለት ነገረችው። ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። መንገዱን በሙሉ ያንገበገባት አንድ ነገር ነው፤ ያን ሁሉ ውሸት ስታነብ ደስ ብሏት መክረሙ።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ገብታ ለባለቤቱ፣ ሁሉም «ጋሼ» ለሚሏቸው ሰው፣ ያን ቤት መተዋን ነገረቻቸው። ጋሼ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። እሷ ሥራ ስትተው አይተው ስለማያውቁ ታማ እንደሆነ ጠየቁ። አለመታመሟን ስታረጋግጥላቸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንቀለውን እንደሚልኩት ነገሯት።

ንቀለው ማለት የሱቁ ሌላው ቴክኒሻን ነው። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው፤ ቤት ይገባል፣ ያለውን ሁሉ ይነቅላል፣ የራውተሩን መዝገብ ከሥሩ ያጠፋል፣ ሁሉንም ካዲስ ይተክላል። ይሠራል፤ ለምን እንደተበላሸ ግን እሱም ሆነ ሌላ ሰው ዳግመኛ አያውቀውም።

መርማሪዋ ግድ የለኝም ብላ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠች። ግድ የለኝም ያለ ሰው ግን ቅጹን ከቦርሳው አያወጣም። አወጣችው።

«4፡17። አንዲት እናት ሕመሟን ለሐኪሙ ስትነግረው ‹እዚህ ጋ እንደ…› ብላ ስትጀምር ተቋረጠ። ስመለስ ሐኪሙ ሄዷል። እንደ ምን እንደሆነ እስካሁን እያሰብኩ ነው።» ከጀርባው የእሷው ጽሑፍ አለ፤ «እኔም እያሰብኩ ነው» ይላል።

«8፡40። አንድ ሽማግሌ ሐኪሟን ‹ባል አላት ወይ?› ብዬ እንድጠይቅላቸው አዘዙኝ። ልጠይቅ ስል ተቋረጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንተርኔቱን አመሰገንኩት።»

ዛሬም ሳቀች፣ ሳትወድ። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ውሸታም ሰው እንዲህ ይዋሻል? ውሸት የሚፈጥር ሰው አራት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ይላል እንጂ ከአሥራ ሰባት ደቂቃ የሚል ጣጣ ውስጥ አይገባም። ታችኛውን መስመር አየች፤ «ሐሙስ፣ 4፡10። ሥራ አልነበረኝም። ጠፋ።» ከአሥራ አንዱ ውስጥ ደረቅ የሆነው እሱ ብቻ ነው። ነገሩ ከነከናት።

መሳቢያዋን ከፍታ የመጀመሪያውን ቀን ማስታወሻዋን አወጣች። የዚያን ቀን በየክፍሉ እየዞረች የሲግናሉን ጥንካሬ ጽፋ ነበር። ሳሎን፣ በጣም ጥሩ። ደረጃው ሥር፣ ደካማ። ከዚያ ፎቅ፣ በጣም ጥሩ። ሥሩ ደግሞ «ሌላ መሣሪያ፦ የለም፤ የቤቱ እመቤት እንዳሉት» ይላል። የእጅ ጽሑፏን ትክ ብላ አየችው። በዚያ የድንጋይ ግድግዳ አልፎ፣ ደረጃው ሥር የሞተ ሲግናል ፎቅ ላይ በምን ተአምር ነፍስ ይዘራል?

ፊቷ ጋለ። ነገር ሲበላሽ ለምን ብላ ሀገር የምታተራምሰው ልጅ፣ ነገር ሲያምር ግን አመስግና ዝም ብላለች። ያን የፎቅ ቁጥር ስትጽፍ ደስ ብሏት ነበር፤ በቃ። ራውተሩም ሳይጠፋ፣ ሰውዬውም ሳይዋሽ ሊሆን ይችላል። ሰዓቷን አየች፤ ሰባት ሰዓት ከሩብ። ንቀለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲደርስ መዝገቡ ሁሉ ይጠፋል፤ አስተርጓሚውም በእሷ ልብ ውስጥ ለዘለዓለሙ ውሸታም ሆኖ ይቀራል። ይህን መሸከም አልቻለችም። የመሣሪያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

* * *

በሩን የከፈቱት ዳኛዋ ናቸው። ጋደም ሊሉ ሲሉ የተነሡ ይመስላሉ፤ ከአንገታቸው የማይጠፋው የሱፍ ሻርፕ ዛሬ የለም። ሌላ ሰው ይመጣል እንዳልተባለ ጠየቋት። እሷ ያ ሰው ከመምጣቱ በፊት አንዲት ነገር ብቻ ለክታ እንደምትሄድ ነግራ፣ እንዲፈቅዱላት ለመነቻቸው። ልጃቸው ሥራ ላይ መሆኑን አስጠንቅቀው አስገቧት።

ስልኳን እንደ ሻማ ከፊቷ ይዛ ደረጃውን ወጣች። ሥሩ ላይ የሲግናሉ ቁጥር ወደቀ። መሃል ላይ ጭራሽ ሞተ። ፎቁን ስትረግጥ ተነሣ። ወደ አስተርጓሚው ክፍል ስትሄድ ትንሽ ቀነሰ፤ ትይዩ ወዳለው በር፣ ወደ ዳኛዋ መኝታ ክፍል፣ ስትዞር ሽቅብ ወጣ። ዳኛዋ ከኋላዋ ቆመው ያዩዋታል።

«እትዬ፣ ክፍልዎ ውስጥ ሶኬት ላይ የተሰካ ነገር አለ?»

«ስልኬ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አሉ ዳኛዋ፤ ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው «ያቺ የሌሊት መብራት ናት እንጂ» አሏት።

የሌሊት መብራቷ ከአልጋው ራስጌ ትገኛለች፤ መብራቷ ግን አይታይም፣ በሱፍ ሻርፕ ተጠቅልላለች። መርማሪዋ ሻርፑን ስትገልጠው እጇን እሳት እንደነካት ሰው ሰበሰበች። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ነጭ ሪፒተር አለች፤ ከዋናው ራውተር ሲግናል ተቀብላ ወደ ሩቅ ክፍል የምታሳልፍ። አንድ ጎኗ በሙቀት ቡናማ ሆኗል። አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ዳኛዋ ታሪኩን ሳያዛንፉ ተናገሩ። ያቺን ነገር የሰካት ሟቹ ባለቤታቸው ነው፣ ልጃቸው ውጭ በነበረበት ዓመት። ለምን እንደሰካት አልጠየቁትም፤ እሱ ያገኘውን ነገር ሁሉ መሰካት ይወድ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀን ቀን አንዴም ሁለቴም ጋደም ይላሉ፤ ሲተኙ ያቺ መብራት እየጠቀሰች እንቅልፍ ትነሣቸዋለች። ስለዚህ ሻርፓቸውን ያለብሷታል፤ ሲነሡ ሻርፑን መልሰው ይለብሱታል።

መርማሪዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ሳታስበው ተቀመጠች። የድሮውን ስምና የይለፍ ቃል ለአዲሱ ራውተር የሰጠችው ራሷ ናት፤ ሪፒተሯም ጌታዋ የሞተባት ሳይመስላት ዝም ብላ ከአዲሱ ጋር ቀጥላለች። ዳኛዋ ሲተኙ ትታፈናለች፣ ትግላለች፣ ትወድቃለች፣ አስተርጓሚውም ከአንዲት እናት ዓረፍተ ነገር መሃል ይወድቃል። ታች ያለው ራውተር ግን ምንም አልነካውም፤ አሥራ ዘጠኝ ቀኑን በሙሉ እንደኮራ ቆሟል።

ስልኳ ላይ የራውተሩን ገጽ ከፈተች። ትናንት ያየችው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነበር። አሁን ሁለተኛውን ገለጠች፤ የትኛው መሣሪያ መቼ እንደገባና እንደወጣ የሚመዘግበውን። ስም የሌላት አንዲት መሣሪያ ስትወጣና ስትገባ ከርማለች። ቅጹን አጠገቡ ዘረጋች። 4፡17፣ አለ። 8፡40፣ አለ። አንድ በአንድ በጣቷ እየያዘች ወረደች፤ እየወረደች ዐይኗ ውሃ ሞላ። አሥረኛው ላይ ደረሰች፤ አለ።

አሥራ አንደኛው የለም። ሐሙስ ጠዋት ምንም የወጣ፣ ምንም የገባ የለም። ዳኛዋ ያን ቀን እህታቸው ጋ ነበሩ።

«ሠላሳ ዓመት ሐሰተኛ ምስክር ስቀጣ ኖሬ» አሉ ዳኛዋ ሻርፑን እያጠፉ፣ «ሌላ መሣሪያ አለ ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ የለም ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ትናንት ልጃቸውን ውሸታም እንዳለችው ነገረቻቸው። ደብቃ ብትሄድ ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ግን አፏ ቀደማት።

«ሰምቻለሁ። ይህ ቤት ያስተጋባል።» ዳኛዋ አጠገቧ ተቀመጡ። «ያን ቅጽ ጠረጴዛ ላይ ሲተወው አነበዋለሁ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ለማንም እንዲህ ረጅም ነገር ጽፎ አያውቅም። አልወደድኩትም፤ እውነቱን ልንገርሽ። የወዳጄን ልጅ፣ ጠበቃዋን፣ ነው ያሰብኩለት። አሁንም አልተውኩትም፤ ማስረጃው ግን እየከበደብኝ ነው።» ሻርፑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «አንቺም ሳታጣሪ ፈርደሻል። በይ ሂጂና ፍርድሽን ራስሽ ሻሪው፣ ልጄ።»

እስከ ዛሬ ሠራተኛዋ እንጂ ልጄ ብለዋት አያውቁም።

* * *

ሥራው ስላላለቀ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ከበሩ ወዲያ ድምፁ ይሰማል። አስተርጓሚ የሰውን ቃል ሲያስተላልፍ «እሷ እንዲህ አለች» አይልም፤ ራሱ ሕመምተኛዋ ሆኖ ይናገራል። «እኔ በጣም ፈርቻለሁ» ይላል ድምፁ፣ በረጋ ቃና። «እኔ የፈራሁት ሕመሙን አይደለም። ብቻዬን መስማቱን ነው።» ሐኪሙ ይመልሳል፤ አስተርጓሚው አሁን ሐኪም ይሆናል፤ ብቻዋን እንደማትሰማው ይነግራታል። መርማሪዋ ግድግዳው ላይ ተደግፋ አዳመጠች። ያለዚያች የሻርፕ ጣጣ ይህ ንግግር እስከ መጨረሻው መድረሱን አሰበች፤ ከሥራዋ ሁሉ እንዲህ ያኮራት ነገር አልነበረም።

ንግግሩ ሲያልቅ ገብታ የተቃጠለችውን ሪፒተር ነቅላ ተመለሰች። በሩ ተከፈተ። አያት፤ እጇ ላይ ያለችውን ትንሽ የጠቆረች መሣሪያ አየ፤ ምንም አልገባውም።

መጀመሪያ ሥራዋን ሠራች፤ እሱ ቀላል ነውና። ከቦርሳዋ አዲስ ሪፒተር አውጥታ ኮሪደሩ ላይ፣ መብራቷ የማንንም እንቅልፍ በማትነሣበት ቦታ ሰካቻት። ከራውተሩ ጋር አገናኘቻት፤ ጎኗ ላይ ቀኑን የጻፈችበትን ወረቀት ለጠፈች። ለጋሼ ደውላ ንቀለው እንዳይመጣ፣ ብልሽቱ መገኘቱን ነገረች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ስለ ሻርፑና ስለ ዳኛዋ እንቅልፍ በአጭሩ ነገረችው። እሱ ሊስቅ ፈልጎ አልሳቀም።

ከዚያ የሚሠራ ነገር አለቀ። ዞራ ፊት ለፊት ቆመች።

«አሥሩ እውነት ነው» አለችው። «አንተን ከማመን ቁጥር አመንኩ። ይቅር በለኝ።»

አንተ ስትለው ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም እንዳልሰማ ሆኑ።

«አሥራ አንደኛውስ?» አለችው፣ በቀስታ።

አስተርጓሚው የበሩን እጀታ ያዘ። እንደ ትናንቱ ቀላ፤ ዛሬ ግን ዐይኑን አልሰበረም።

«እሱን ዋሽቻለሁ። እማዬ እህቷ ጋ በሄደችበት ሳምንት አንዴም አልተቋረጠም። ተስተካከለ አልኩ። ሐሙስ ሲሆን ገባኝ፤ ካልተበላሸ ለካ አትመጪም።»

«ትናንት አሥሩ እውነት ነው ብትለኝስ?»

«አሥሩን ብናገር አንዱንም መናገር ነበረብኝ። ሳልጨምር ሳልቀንስ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አሥር ዓመት ስሠራ በሰው ቃል ላይ አንዲት ፊደል ጨምሬ አላውቅም። እኔ… እኔ ላይሽ ፈልጌ ነው።»

ቀኑን ሙሉ ስለ ሌሎች ሰዎች እኔ ሲል የሚውለው ሰው፣ ይቺን እኔ ለማለት እንደ ጀማሪ ተንተባተበ። መርማሪዋ ለመናደድ ሞከረች፤ ለአንዲት የውሸት መቋረጥ ከተማ አቋርጣ መጥታለችና መብቷ ነበር። ቁጣው ግን ከየትም ሊመጣላት አልቻለም። ሦስት ሳምንት ስትፈልገው የኖረችው ነገር ሪፒተሯ ብቻ እንዳልነበረች ገባት፤ ፈራች፣ ደስም አላት፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላወቀችም።

ብዕሯን አወጣች። ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከአሥራ አንደኛው መስመር ሥር ጻፈችና ሰጠችው። «ቅዳሜ። አሥር ሰዓት» ይላል። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ነው።

«ቅዳሜ ምን ይበላሻል?» አላት።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልሙላው?»

«የሆነውን» አለችው። «ሳትጨምር ሳትቀንስ።»

ትይዩ ባለው በር ዳኛዋ ለመተኛት ሲገላበጡ አልጋው ተንቋቋ። በኮሪደሩ ላይ አዲሷ መብራት ብልጭ ትላለች፤ የሚያለብሳት የለም። መርማሪዋ ቦርሳዋን በትከሻዋ ይዛ ደረጃውን ወረደች፤ ሁለት ሁለቱን እየረገጠች እንደሆነ ያወቀችው ታች ስትደርስ ነው። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ቅዳሜም በሕይወቷ እንዲህ ሩቅ ሆና አታውቅም።